ነፋስ የመታውና ወንበር የመታው

ከለሚ ወደ ጀማ ወንዝ የሚወርደውን መንገድ በአውቶቡስ የወረደ ሰው ፍርሃት አላውቅም አይልም። ጥምዝምዙ ሲጀምር ወሬ ይቆማል፤ ማዕተብ ይጨበጣል፤ ፊት ወንበር ላይ የተቀመጡ እናት የሚያውቋቸውን ታቦታት አንድም ሳይቀር፣ አንዱም ቅር እንዳይሰኝ እየተጠነቀቁ ይጠራሉ። ቁልቁለቱ ከሺህ ሜትር በላይ ነው። ደጋው ላይ ጋቢ ያስደረበው ብርድ ቀስ በቀስ ይለቅና ድልድዩ ጋ ሲደረስ ተሳፋሪው በላብ ተዘፍቋል። ይሄኔ አንድ እንግዳ፣ አብዛኛውን ጊዜ የአዲስ አበባ ልጅ፣ መስኮቱን ሳብ ያደርጋል። ገደሉን በጸጥታ ያለፈው ሕዝብ በአንድ ድምፅ ይነሣበታል፤ «ኧረ ዝጋው! በነፋስ ልታስመታን ነው እንዴ?»

ዓለም ከተማ ደርሰን ወደየመሥሪያ ቤታችን የምንበተነው እኛው ነን።

ቢሮ በአካባቢያችን አደጋ የማያውቀው ቦታ ተደርጎ ይታሰባል። ደግሞም አይፈረድም። የመርሐቤቴ ገበሬ አንዳንዱ በሬ ጠምዶ የሚውለው በሬው እግሩን ቢስት ወንጪት ወንዝ ድረስ የሚያንከባልል ተዳፋት ላይ ነው። እንዲህ እያረሰ ልጁን የሚያስተምር አባት ምርቃቱ አጭር ናት፤ «ጥላ ሥር ያስቀምጥህ!» ልጁም ይማራል፤ ጥላ ሥር ይቀመጣል። ከእንግዲህ ፀሐይ አያከስለውም፣ ዝናብ አይደበድበውም፣ በሬ አይወጋውም። ጠላቱ ሁሉ አልቆ ነፋስ ብቻ ይቀረዋል። ስለዚህ አባቱ ለጀማ፣ ለገደሉና ለበረዶው አካፍሎ ይፈራው የነበረውን ፍርሃት ልጅየው ጠቅልሎ ለነፋስ ይሰጠዋል።

እኔ የምውልበት ጽሕፈት ቤት ስሙ ምን ይሠራላችኋል፤ የፈለጋችሁት ዘንድ ብትገቡ ያው ነው። አምስት ጠረጴዛ፣ ስድስት ሰው። የመስኮቱ አንዱ ክንፍ በሚስማር ተመትቷል፤ ሌላው መስተዋቱ ስለተሰነጠቀ በጋዜጣ ተለብጧል፤ በበሩ ሥር ጆንያ ተወትፏል። የመዝገብ ቤቱ ጋሼ ጡረታቸው የደረሰ ሰው ናቸው፤ አንገታቸው ላይ ያለው ፎጣ ክረምት ከበጋ አይወርድም። አንድ ቀን አዲስ የተቀጠረች የሒሳብ ልጅ መስኮቱን ልክፈተው ብላ ብትጠይቃቸው፣ «ልጄ፣ ነፋስና አለቃ የሚመታሽ ከኋላ ነው፤ ሳታዪው ነው የምትወድቂው» አሏት። ልጅቱ ተቀመጠች። የሚመልስላቸውም አልተገኘም፤ ስለ አለቃው እውነት ነበራ።

ከተማችን ጀርመን አገር እኅት ከተማ አለቻት፤ ፋተርሽቴተን ትባላለች፤ ከሙኒክ በስተምሥራቅ ነው የምትገኘው። እኅትማማቾች እንዴት እንዲህ ይለያያሉ! ጀርመኖች ውጭ በረዶ እየወረደ መስኮታቸውን ወለል አድርገው ይከፍታሉ። ቤት ሲከራዩ «ቤቱን አናፍሳለሁ» የሚል ግዴታ ውሉ ውስጥ መግባቱ የተለመደ ነው። ለሥራ ቦታ ባወጡት መመሪያ ላይ ደግሞ ቢሮ በየ60 ደቂቃው፣ የስብሰባ ክፍል በየ20 ደቂቃው መስኮቱ ተከፍቶ እንዲናፈስ ይመከራል። በየ20 ደቂቃው! በእኛ ስብሰባ 20 ደቂቃ ማለት የክብር እንግዳው ገና እየተጠበቁ ነው።

ይሄን አመል ዝም ብለው አላመጡትም። እዚያው ሙኒክ ውስጥ ማክስ ፎን ፔተንኮፈር የሚባል ሊቅ ነበር። ይህ ሰው ሰዎች ተፋፍገው የሚውሉበትን ክፍል አየር መዘነ፤ በትንፋሽ የሚወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለካ፤ በ1858 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ደግሞ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ከሺህ እጅ አንድ እጅ ካለፈ ክፍሉ ለሰው አይሆንም ሲል ጻፈ። ያቺ ቁጥር እስከ ዛሬ መለኪያ ሆና ትጠቀሳለች። ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቢሮ ውስጥ የሚጥለንን ድብታ እኛ በምሳው፣ በሽሮው፣ ሲብስም በቡዳ እናመካኛለን፤ ፔተንኮፈር ቢኖር ኖሮ ስድስታችንም ተራ በተራ የተነፈስነውን አየር መልሰን እየሳብን መሆኑን ይነግረን ነበር። ሰውየው በሁሉም ነገር ልክ ነበር ማለቴ እንዳይመስላችሁ። በ1892 ኮሌራ በተዋሲያኑ ብቻ አይመጣም ብሎ ሮበርት ኮኽን ሊረታ፣ ተዋሲያኑ ያለበትን ፈሳሽ በሰው ፊት ጭልጥ አድርጎ ጠጣ። ሆዱን ትንሽ አጉረበረበውና ተረፈ። እንግዲህ ሊቅን በመስኮት ነገር ስሙት፤ በመጠጥ ነገር ግን እያያችሁ።

ኮኽ የተባለው ደግሞ በ1882 የሳንባ ነቀርሳን ባሲል ያገኘው ነው። አገራችን በዓለም ጤና ድርጅት መዝገብ የቲቢ ጫና ከበዛባቸው 30 አገሮች መካከል ተጽፋለች። ይህ ባሲል አንድ ሰው ሲያስል ከትንፋሽ ጋር ወጥቶ ዝግ ክፍል ውስጥ ለሰዓታት ተንሳፍፎ መቆየት ይችላል፤ ነፋስ ከገባ ግን ይበተናል፣ ይሳሳል። እኛ የቢሮ ሰዎች ታዲያ ጠባቂያችንን አባረን ሌባውን ቆልፈንበት አብረን እንውላለን። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ አዲስ አበባ ላይ ተገኘ ሲባል ዓለም ከተማ ድረስ መስኮት ተከፍቶ ነበር። በየደጃፉ ጀሪካንና ሳሙና ተቀመጠ፤ የመዝገብ ቤቱ ጋሼ እንኳ ፎጣቸውን ወደ አፍና አፍንጫቸው ከፍ አድርገው መስኮቱን ታገሡት። ከዚያ ወሬው በረደ። መጀመሪያ ሳሙናው ጠፋ፣ ቀጥሎ ውኃው፣ ቀጥሎ ጀሪካኑ። ሚስማሩ የተመታው ያን ጊዜ ነው።

አሁን ወደ ቡናው ልምጣ፤ ቡና የሌለበት ቢሮ አገር ቤት የለምና። መብራት በሌለ ቀን፣ ይሄም አልፎ አልፎ የሚያጋጥም ነገር አይደለም፣ ቡናው የሚፈላው በከሰል ነው። ከሰሉ ውጭ ይቀጣጠልና ሲግም ምድጃው ወደ ውስጥ ይገባል። ሰው ሁሉ የሚፈራው የሚጨስ ከሰል ነው፤ ፍም የሆነውን «በስሏል፣ ምንም አይልም» ይሉታል። ነገሩ እንዲያ አይደለም። ጭሱ ዓይን ያቃጥላል እንጂ ሰውን በጊዜ ያስወጣል፤ ቀይ ሆኖ የተቀመጠው ፍም ግን ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለውን ጋዝ ያለ ቀለም፣ ያለ ሽታ ይለቀዋል። ይህ ጋዝ ደም ውስጥ ገብቶ የኦክስጅንን ወንበር ይቀማል፤ ከቀይ የደም ሕዋሱ ጋር የሚጣበቅበት ኃይል ኦክስጅን ከሚጣበቅበት ከ200 እጥፍ በላይ ነው። የመጀመሪያ ምልክቱ ራስ ምታት ነው። እንግዲህ የእኛን ቢሮ ተመልከቱ፤ በር ተዘግቷል፣ ጆንያው ተወትፏል፣ ፍሙ መሐል ላይ ነው። ገንዘብ ያዧ ግንባሯን ይዛ «ራሴን አመመኝ» ትላለች። «ቡና ስላልጠጣሽ ነው» ይሏታል። አቦሉን ትጠጣለች። አይተዋትም። «ቶናውን ጨምሪበት፤ አንድ ስኒ ምን ያደርግልሻል?» ይባላል፤ ለቶናው ሌላ ከሰል ይጨመራል። በረካው ላይ ሁላችንንም ያመናል። ጋሼ ፎጣቸውን አጥብቀው አስረው፣ «አላልኳችሁም? ነፋስ በሆነ ቀዳዳ ገብቷል!» ይላሉ። ቀዳዳው ይፈለጋል፤ ይደፈናል።

ከሰሉን በዝናብ መጠለያው ሥር ትቶ ጀበናውን ብቻ ማስገባት የሚከለክል ሕግ የለም። በየክረምቱ ከሰል ቤት ውስጥ አስገብተው ስለተኙ ሰዎች የምንሰማው ወሬ የሌላ አገር ወሬ አይደለም። ቀልዱን እዚህ ላይ ትንሽ ላቁመው።

መብራት ያለ ቀን ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ክፍሉ ያለው ሶኬት አንድ ነው፤ እሱም ከግድግዳው ተነቅሎ በሽቦው ተንጠልጥሏል። እሱ ላይ አንድ ማከፋፈያ ተሰክቷል፤ ማከፋፈያው ላይ ሌላ ማከፋፈያ፤ በዚያ ላይ ኮምፒውተሩ፣ ፕሪንተሩ፣ የስድስት ሰው ስልክና የቡናው ስቶቭ። ሒሳቡ ለሒሳብ ክፍል አይከብድም ነበር። ተራ ማከፋፈያ የሚችለው 10 አምፔር ነው፤ በ220 ቮልት ሲባዛ 2200 ዋት ማለት ነው። ስቶቩ ብቻውን አብዛኛውን ይወስደዋል። ስለዚህ ሽቦው ይግላል። መጋሉንም እናውቃለን፤ ጠዋት ጠዋት ሲበርድ እግሩን ወደ ሽቦው የሚዘረጋ ባልደረባ አለን። ከቃጠሎ እስከ ዛሬ የጠበቀን አንድም አምላክ ነው፣ አንድም የመብራቱ ቶሎ ቶሎ መጥፋት። እሳት ማጥፊያስ? አለ እንጂ። ቀይ፣ የሚያምር፣ በሩ በነፋስ እንዳይከፈት ደግፎ የሚይዝ ነው። አንገቱ ላይ ያለችው ቀስት አረንጓዴው ላይ መሆን ነበረባት፤ ቀዩ ላይ ተኝታለች። ሁላችንም በቀለሙ ስለምንደሰት ከቀለሙ ጋር ተስማማች ብለን ትተናታል።

ነገር ግን እነዚህ ሁሉ አንድ ላይ ተደምረው ወንበርን አያህሉም። ወንበር ሰው አይፈራውም፤ እንዲያውም ሰው የሚጋደልበት ነገር ነው። ከሁሉም የሚሻለው፣ ተሽከርካሪና መደገፊያ ያለው፣ ለኃላፊው ይሰጣል፤ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ስለሚውሉ ጀርባ የሚደግፈው ብቸኛ ወንበር ባዶውን ይውላል። ለእኛ የደረሰን እንጨት ነው። የእኔ አንድ እግሩ የተሰበረ ስለሆነ የተደገፈው በ1998 ዓ.ም. የወጪ ሰነድ ነው። ኦዲተሮች መጥተው ያንን ሰነድ ሦስት ቀን ሲፈልጉ እላዩ ላይ ተቀምጬ አብሬ ፈልጌያለሁ፤ ብሰጣቸው ምን ላይ ልቀመጥ? መንዝ በኩል ያሉ የሥራ ባልደረቦቻችን ከእኛ ይሻላሉ። መሐል ሜዳ ብርዱ ሌላ ነውና በርኖስ ለብሰው፣ ዝተት አጥፈው ወንበራቸው ላይ አንጥፈው ይሠራሉ፤ ቢያንስ መቀመጫቸው የሰው መቀመጫ ይመስላል።

ተቀምጦ መሥራትን ግን ከጭላዳ የበለጠ የሚያውቅበት የለም። በጀማ አፋፍም ሆነ በመንዝ ጓሳ ያየ ያውቀዋል። ጭላዳ ጠዋት ሣሩ ላይ ዘፍ ይላል፤ በሁለት እጁ ሣር ይነጫል፣ ያላምጣል፣ ይነጫል፤ ከፊቱ ያለው ሲያልቅ አይነሣም፣ በመቀመጫው ብቻ ሸርተት ብሎ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። ከእኛ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ በምን ይለያል? መቀመጫው ላይ ፈጣሪ የስብ ትራስ አኑሮለታል፤ ያ አንዱ ነው። ዋናው ልዩነት ግን ሌላ ቦታ ነው። ጭላዳ የሚያድረው ገደል ላይ ነው። ጠዋት ሥራ የሚገባው ገደሉን ወጥቶ፣ ማታ የሚገባው ገደሉን ወርዶ ነው። እኛ ግን ቤታችን ሦስት መቶ ሜትር ሆኖ በባጃጅ እንገባለን፣ በባጃጅ እንወጣለን፤ የጭላዳን መቀመጥ ወስደን ገደሉን ትተንለታል።

ተቀምጦ መዋል መጉዳቱ አዲስ ግኝት አይደለም። በርናርዲኖ ራማዚኒ የተባለ ጣሊያናዊ ሐኪም በ1700 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ስለ ሠራተኞች በሽታ መጽሐፍ አሳተመ። ማዕድን ቆፋሪውን፣ ሸክላ ሠሪውን ሁሉ ከዘረዘረ በኋላ፣ በ1713 እትሙ ላይ ጸሐፊዎችን ጨመረ። የጽሕፈት ሥራ ሰውን የሚጎዳው በሦስት ነገር ነው አለ፤ ያለ ፋታ በመቀመጥ፣ እጅን በአንድ ዓይነት እንቅስቃሴ በማድከም፣ እንዳይሳሳቱ በመጨነቅ። አራተኛውን፣ ደመወዙን፣ አላነሣም፤ የጣሊያን ጸሐፊዎች ጥሩ ይከፈላቸው ነበር መሰለኝ። የእኛ ደብተራዎች ግን ለዚህ ችግር መላ ያበጁት ከጥንት ነው። ማኅሌት ሌሊቱን ሙሉ ተቁሞ ነው፤ ወገብ እንዳይቆረጥ መቋሚያ አለ፤ ተደግፎ ያርፋል፣ አንሥቶ ያሸበሽባል። ፈረንጅ ዛሬ ተቁሞ የሚሠራበት ጠረጴዛ ብሎ በብዙ ገንዘብ የሚሸጠውን ነገር እኛ በአንድ ዘንግ ጨርሰነዋል። ቢሮ ስንገባ ረሳነው እንጂ።

በ1953 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ደግሞ ጄሪ ሞሪስ የተባለ ሐኪም የለንደንን ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡስ ሠራተኞች አጠና። ሾፌሩና ትኬት ቆራጩ የሚሠሩት አንድ አውቶቡስ ላይ ነው፣ የሚተነፍሱት አንድ ጭስ ነው። ሾፌሩ ቁጭ ብሎ ይውላል፤ ትኬት ቆራጩ ደረጃውን ሲወጣና ሲወርድ ይውላል። በልብ ሕመም ይበልጥ የሚጠቁት ሾፌሮቹ ሆነው ተገኙ። እኔ ይህን ካነበብኩ ወዲህ የመሥሪያ ቤታችንን ተላላኪ በሌላ ዓይን አያታለሁ። ደብዳቤ ይዛ ከቢሮ ቢሮ፣ ከገበያው ወዲያ እስከ ፍርድ ቤቱ ድረስ በእግሯ ስትመላለስ «ምስኪን!» የምንላት እኛ ነን። የዓለም ጤና ድርጅት አንድ አዋቂ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ሰውነቱን ሞቅ የሚያደርግ እንቅስቃሴ ያስፈልገዋል ይላል፤ እሷ ይህን ማክሰኞ ላይ ትጨርሰዋለች። እኛ ከወንበራችን የምንነሣው ኃላፊው ሲገቡ ብቻ ነው። ለጤናችን ቢያስቡ ኖሮ በየግማሽ ሰዓቱ ብቅ ይሉ ነበር።

ዓይንም አለ። ኮምፒውተር ላይ ላፈጠጠ ሰው ሐኪሞች የሚመክሩት ቀላል ነው፤ በየ20 ደቂቃው ለ20 ሰከንድ ያህል ስድስት ሜትርና ከዚያ በላይ የራቀ ነገር ማየት። ሌላ አገር ስድስት ሜትር ፍለጋ ኮሪደር ይወጡ ይሆናል። ከእኛ መስኮት ባሻገር ገደሉ፣ ሸለቆው፣ ከዚያ ማዶ ሌላ ደጋ አለ። መስተዋቱ በጋዜጣ ስለተለበጠ ግን ዓይናችንን የምናሳርፈው የዛሬ ስንት ዓመት ዜና በማንበብ ነው።

ሕጉን በተመለከተ የሚያንሰን ነገር የለም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 42 ላይ ሠራተኛ ጤናማና አደጋ የማያደርስ የሥራ አካባቢ የማግኘት መብት አለው ይላል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሠራተኛውን ጤንነትና ደኅንነት እንዲጠብቅ በአንቀጽ 92 ያስገድዳል። ይህኛው አዋጅ የመንግሥት ሠራተኛውን አይመለከትም፤ ለእሱ የራሱ ሕግ አለው። የመጀመሪያ እርዳታ ሳጥንም አለን፤ ግድግዳው ላይ ነጭ ሆኖ ቀይ መስቀል ተስሎበት ተሰቅሏል። ቁልፉ ያለው ንብረት ክፍሉ ዘንድ ነው፤ ንብረት ክፍሉ ደብረ ብርሃን ሥልጠና ላይ ነው። እስኪመጣ ምች የመታው ሰው ከግቢው አጥር ሥር ዳማከሴ ይቆርጣል፤ ከዚያ የባሰበት ወደ እናት ሆስፒታል ይሄዳል።

ባለፈው ግን አንድ ነገር ተደረገ። ከበላይ የመጣ ደብዳቤ ስለነበረ የሥራ ቦታ ደኅንነት ኮሚቴ ይቋቋም ተባለና ስብሰባ ተጠራ። አዳራሹ ተዘጋ። ሦስት ሰዓት ያህል ተቀመጥን። ስለ ወንበር ሲነሣ ሦስት ፕሮፎርማ ይሰብሰብ ተባለ፤ ስለ ሽቦው ሲነሣ ባለሙያ ይጠየቅ ተባለ፤ ስለ መስኮቱ ሲነሣ ጋሼ እጃቸውን አውጥተው ይናገሩ የጀመሩት እስካሁን ያለቀ አይመስለኝም። ኮሚቴው ውስጥ ከሒሳብ፣ ከሰው ኃይል፣ ከመዝገብ ቤት፣ ከንብረት አንድ አንድ ሰው ተመረጠ። ንብረት ክፍሉ በሌለበት ተመረጠ።

በዚህ መሐል የጽዳት ሠራተኛዋ ቡና ይዛ ገባች። ይህች ሴት ከማናችንም በፊት ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ትመጣለች። ውኃ ከቦኖ ተሸክማ ደረጃ ትወጣለች። የቆሸሸው ሽንት ቤት እምቢ ሲላት በረኪናውን ከአሲዱ ጋር ትቀላቅለዋለች፤ ሁለቱ ሲገናኙ ክሎሪን የሚባል መርዘኛ ጋዝ እንደሚወጣ የነገራት የለም፤ ጠዋት ጠዋት የሚይዛትን ሳል እኛ ብርድ ነው እንላታለን። ሰብሳቢው ስኒያቸውን ተቀብለው ደስ አላቸውና፣ አሳታፊ ለመሆንም ይመስለኛል፣ «እትዬ፣ እርስዎስ ስለ ደኅንነት አስተያየት የለዎትም?» ብለው ጠየቋት።

«አስተያየትስ የለኝም ጌታዬ» አለች፣ ረከቦቱን እያስተካከለች። «የሌለኝ ጓንት ነው።»

ቤቱ ሳቀ። ጸሐፊዋ ቃለ ጉባኤው ላይ «ልዩ ልዩ» በሚለው ሥር አስገባችው።